ቦይኮት ይመጣል የተባለበት ክረምት

ቦይኮት የሚባል ሰው ይመጣል ብዬ አንድ ክረምት ሙሉ ጠብቄአለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰበታ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ፣ በተከራየንበት ግቢ የቆርቆሮ በር አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረ፤ እሱ ላይ ቁጭ ብዬ ወደ አስፋልቱ አያለሁ። ሰውየው ካፒቴን መሆኑን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ኮፍያ አለው፣ የሰበታ ጭቃ ጫማውን አይደፍረውም፣ ድምፁም ጎርናና ነው። ሲመጣ አንዴ ጮኾ የጎረቤታችንን የሶያማን ቤት ያስከፍታል። ትልልቆቹ ሰዎች ሁሉ አፋቸውን ዘግተው የተቀመጡት እሱን እየጠበቁ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

አሁን ቡራዩ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት በምናነበው ምንባብ መሀል ቃሉ ብቅ ሲል አንዱ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ቦይኮት ምንድነው?» አለኝ። ሰዎች ተባብረው አንድን ሰው ወይም ድርጅት ሲያገሉ፣ አንገዛውም አንሸጥለትም ሲሉ ነው ብዬ መለስኩለት፤ ጻፈና ገጹን ገለበጠ። እንደዚያ በቀላሉ መገልበጡ አናደደኝ። ልጁ ምን አጠፋ? ጥፋቱ የመልሱ ነው። ትክክለኛው መልስ ረዘም ይላል፣ እናቴም አለችበት።

ጋሽ ሳህሉ የግቢው ወኪል ነበር። ባለቤቶቹን አይተናቸው አናውቅም፤ አዲስ አበባ ይኖራሉ ይባላል። የሚያከራየው፣ የሚያስወጣው፣ ቧንቧውን የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው። ያኔ አንቱ እለው ነበር። እናቴ በዚያ ክረምት መጨረሻ አንተ አለችው፤ ከዚያ ወዲህ እኔም ወደ አንቱ አልተመለስኩም። አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ ባይለኝም ግድ የለም።

እውነቱን ለመናገር እወደው ነበር። ጠዋት ጠዋት ጥቁር ካፖርቱን ደርቦ፣ ቁልፎቹን በሲባጎ አንጠልጥሎ፣ በየበሩ እየቆመ ሰላምታ ይሰጣል። ሰላምታው ደግሞ የዋዛ አልነበረም። እናቴን «ሰናይት፣ እንዴት አደርሽ? ሥራው እንዴት ነው? ያ ባልሽስ ከመስክ ደወለ?» ይላታል፤ ለእኔ ከኪሱ ከረሜላ ያወጣል። እንደ እሱ ሰው የሚወድ ያለ አይመስለኝም ነበር። እየጠየቀ ዓይኑ በእናቴ ትከሻ አልፎ ወደ ውስጥ እንደሚገባ፣ ማን እንዳደረና የማን ጫማ እንዳለ እንደሚያይ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ጫማ ካልን፣ በራችን ሥር ሁልጊዜ ጥቁር የወንድ ጫማ ይቀመጥ ነበር። የአባቴ ነው። አባቴ ሾፌር ነው፣ መስክ ላይ ነው። እናቴ እሁድ ከቸርች መልስ ቀለም ትቀባዋለች፤ እኔም ሲመጣ ደህና ሆኖ ያግኘው ብዬ እግሬን ከትቼ አልጫወትበትም። ጫማውን የገዛችው ዓለም ገና ከልባሽ ተራ ነው። እኔን ታቅፋ ከሆሳዕና ስትመጣ ቤት ፍለጋ ያንኳኳችባቸው ግቢዎች ሁሉ መጀመሪያ የጠየቋት ባሏን ነበር። ሳህሉም «ይህ የጨዋ ግቢ ነው፣ ያለ ባል የምትወልድ አላኖርም» ባይ ነው። ስለዚህ እናቴ ባል ገዛች፤ አርባ ሁለት ቁጥር።

ሶያማ ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል ትኖር ነበር። የከምባታ ልጅ ናት፣ እንደ እናቴ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ሳቋ ግድግዳ አልፎ የሚሰማ። ያን ዓመት እየወፈረች መጣች፤ ፀሐይም ቢሆን ከላይዋ የማይወርድ ሰፊ ጃኬት ነበራት። ፋብሪካው ደሞዝ ቢጨምርላት ነው አልኩ። በሰኔ መጨረሻ አንድ ቀን ከሥራ ሳትመለስ ቀረች። ስትመጣ ጃኬቱን አውልቃ፣ በጃኬቱ ሕፃን ጠቅልላ ይዛ መጣች።

በሯ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ዝናቡ ዶፍ ነበር። ሳህሉ ከቤቱ ደጃፍ ጃንጥላ ይዞ ወጣ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «የኪራይ ነገር አይደለም፣ ኪራይሽን በደንብ ነው የምትከፍይው» አላት። «የልጁን አባት ይዘሽ ነይ፣ ያኔውኑ እከፍትልሻለሁ።»

ሴቶቹ በየበራቸው ቆሙ። አራስ፣ ገና ደሟ ያልደረቀ፣ ዝናብ እየመታት ግቢ መሀል ቆማለች። እኔ የማየው እናቴን ነበር። እናቴ መጮኽ ታውቃለች፤ ከገመድ ላይ ልብስ ሊሰርቅ የገባን ጎረምሳ እስከ አስፋልቱ ድረስ በድንጋይ ያባረረች ሴት ናት። አሁን ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ዝም ብላ ሄዳ የሶያማን ትከሻ ያዘች፣ ወደ ቤታችን አስገባቻት፣ አልጋችን ላይ አስተኛቻት። ለሳህሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አፈርኩባት። እናቴ ለካ ፈሪ ናት አልኩ።

ያን ዕለት ሲመሻሽ ግቢው ሁሉ አራሷን ሊጠይቅ ቤታችን ገባ። ገንፎ ያመጣ አለ፣ አጥሚት ያመጣ አለ። ወተት የምትሸጠው ኡርጂ ከፉሪ ያመጣችውን ወተት ሳትሸጥ ለሶያማ ቀዳችላት። ከግቢው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ኡበይድ እንኳ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ከመጨረሻው ክፍል ቲቸር ባርናባስ ነበረ፤ ብቻውን የሚኖር የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ወሬ ሲጀምር ማቆሚያ የሌለው። እኔ ከአልጋው ግርጌ ተጠቅልዬ የተኛሁ መስያለሁ።

ሶያማ በድንጋይ ልስበረው አለች። እናቴ እንቢ አለች። ከሰበርነው ሌባው እኛ እንሆናለን፣ ፖሊስ ይዞ ይመጣል፤ የቆለፈው እሱ ነው፣ እሱው ይክፈተው አለች። እንዴት አድርጎ ይከፍታል ሲሏት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የአያቷን አገር ነገር አወራች። እዚያ ሰው በድሎ ሽማግሌ አልሰማ ካለ አይደበደብም፣ አይሰደብም። እሳት ሲለምን የሚጭርለት የለም፣ ውሃ የሚያቀብለው የለም፣ ደህና ዋልክ የሚለው የለም። «ሰው መሀል ሆኖ ሰው ያጣል» አለች።

ባርናባስ ጭኑን መታ። «ቦይኮት!» አለ። ከዚያ የተለመደውን ትምህርቱን ጀመረ፤ እኔ እንቅልፍና ወሬ እየተፈራረቁብኝ የደረሰኝ ቁርጥራጩ ነው። ካፒቴን ነው። ቦይኮት ስሙ ነው፣ የሰው ስም። የተከራዮችና የወኪል ጠብ ነበር። ወታደሮች መጡ። በመጨረሻ ተከራዮቹ አሸነፉ። ኡበይድ «ሐዘን ቢገጥመውስ?» ብሎ ጠየቀ፤ እናቴም «ሞት ሌላ ነው» አለች። ይህን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ቁም ነገሩ መጨረሻ ላይ የተባለው ነው፤ ቦይኮት ከሰኞ ይጀምራል ተባለ። ጎበዝ ካፒቴን ሊመጣልን ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ሳህሉ እንደ ልማዱ በየበሩ ዞረ። «ሰናይት፣ እንዴት አደርሽ?» እናቴ ፀጉሬን እየጎነጎነች ነበር፤ ጣቷ እንኳ አልቆመም። ያልሰማች መስሎት ደገመላት። ከዚያ ወደሚቀጥለው በር ሄደ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። የመለሰለት የለም። በአገራችን ሰላምታ መንፈግ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጠላት እንኳ ቢሆን ደህና አደርክ ሲሉት አፉ ሳያውቅ ይመልሳል፤ ያንን አፍ መያዝ ጉልበት ይጠይቃል። እኔ ያን ጉልበት አላየሁም። ያየሁት የተቀነሱ ራሶች ነው፣ ፍርሃት መሰለኝ።

ሳህሉ ወደ ኡበይድ ሱቅ ሄዶ ዳቦ ሲጠይቅ፣ ዳቦው ከመስታወቱ ኋላ ተደርድሮ እየታየ «የለም» ተባለ። ኡርጂ ድሮ መጀመሪያ የምታንኳኳው የእሱን በር ነበር፤ አሁን ጀሪካኗን አንጠልጥላ በፊቱ ታልፋለች፤ «ኡርጂ፣ አካም ቡልቴ» ብሎ በቋንቋዋ ሲያባብላት እንኳ ዞር አትልም። ልብሱን የምታጥብለት ሴት ቀረች። ራሱ አጥቦ ሲያሰጣ ሸሚዙ ከነሳሙናው ነጭ ሆኖ ገመድ ላይ ደርቆ አየሁት። የሶያማን ክፍል ለሌላ ላከራይ ብሎ ሰው ይዞ ሲመጣ ሴቶቹ ከየበራቸው ወጥተው ይቆማሉ። አይናገሩም፤ ያዩታል ብቻ። የመጣው ሰው ያንን ዓይን አይቶ «ትንሽ ላስብበት» ብሎ ይሄዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኔ ግን ድሩ አይታየኝም፣ አንበሳውንም በአስፋልቱ በኩል ነበር የምጠብቀው።

ሳህሉም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ቧንቧውን ቆለፈው። ከዚያ በኋላ እናቶቻችን ከፈረቃ መልስ ከሩቅ ግቢ በጀሪካን ውሃ ይቀዱ ጀመር፣ ዝናብ እየደበደባቸው። እናቴ እጇ ተላጠ። ቤታችን ውስጥ ሕፃኑ ሲያለቅስ ያድራል፣ ሶያማና ልጇ አልጋው ላይ፣ እኔና እናቴ መሬት፣ ጣሪያው ደግሞ እናቴ ራስጌ ላይ ያፈሳል። ሶያማ አንድ ቀን እያለቀሰች በእኔ ምክንያት ተቸገራችሁ፣ ወደ አገሬ ልሂድ አለች። እናቴ በቁጣ አስቆመቻት። ወደ አገርሽ ሄደሽ ሥራሽስ፣ ዛሬ አንቺን ካስወጣ ነገ ማንን ነው የሚተወው አለቻት። ነገ የምትባለዋ ማን እንደሆነች እኔ አላወቅሁም፤ ሶያማ ግን ታውቅ ኖሮ ወደ ጫማው ተመለከተች።

በዚያው ሰሞን እናቴን ጠየቅኋት። ውሃ ስንቀዳ ሳህሉ በአጠገባችን አልፎ ነበር፤ ጀሪካኗን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ እንደያዘች አየሁ።

«እማ፣ ትፈሪዋለሽ?»

«አዎ» አለች።

ዋሽታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሷ ከፈራች እኔ ማንን ልመካ? የቦይኮት መዘግየት አበሳጨኝ፤ ምናልባት አባቴን ከመስክ ይዞት ሊመጣ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። ዛሬ ሳስበው ያ «አዎ» ነው ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ። ፈርታ ነበር። ዝም ያለችው ግን ስለ ፈራች አልነበረም፤ እየፈራች ነው ዝም ያለችው። ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ በሰባት ዓመት ዓይን ግን አንድ ናቸው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ጎህ ሳይለይ በራችን ተንኳኳ። ነጠላ ያዘቀዘቁ የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ከሰንዳፋ ነው የመጣነው አሉ። የሳህሉ እናት አርፈዋል። መርዶ ሊነግሩት መጥተው እንደ ወጉ ጎረቤት ይዘው ሊገቡ ነው፤ የሳህሉ ጎረቤት ማን እንደሆነ ጠይቀው የእኛን በር አሳይተዋቸዋል። ስለ ጠባችን የነገራቸው የለም። «እባካችሁ፣ ብቻውን አይስማ» አሉ።

እናቴ በሩን እንደያዘች ሰማቻቸው። ከኋላዋ ሶያማ አልጋው ላይ ልጇን እያጠባች ሁሉንም ትሰማለች። እናቴ ዞር ብላ አየቻት፤ ሶያማ «ሂጂ» አለቻት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች፣ የሌሎቹንም በር አንኳኳች። ሳህሉ ቤቱን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው፣ ክረምቱን ሙሉ ያላናገረውን ግቢ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ ከደጁ ቆሞ ሲያይ ማንም ሳይነግረው ገባው። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከትልቅ ሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ገርባ መጡ። አጭር፣ ምርኩዝ የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው። አንዳንዱ ሊያጉረመርም ሲቃጣው «ዱኡቲ ካን ሁንዳቲ» አሉ፣ ሞት የሁሉም ነው ማለታቸው ነው። የግቢያችን ወንዶች ድንኳኑን ተከሉ። ባርናባስ በዝናብ ካስማ መታ። ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ፣ ወንበር ተሸከሙ፣ ሰንዳፋ ቀብር ድረስ በአውቶቡስ ሄደው መጡ። ኡበይድ ሳይጠየቅ ስኳርና ሻይ ቅጠል ላከ። ከዚያ ሁሉም ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ዝም ብለው። እኔም እፎይ አልኩ፣ ታረቁ ማለት ነው። የልቅሶ ዝምታና የእነሱ ዝምታ ልዩነት በየት በኩል ይታየኝ? ማንም «እግዜር ያጥናህ» እንዳላለው አላስተዋልኩም። እሱ ግን አስተውሎ ኖሮ አንገቱን አቅርቅሮ ቆይቶ ድንገት ቀና እያለ በየፊቱ ይፈልጋል።

በሠልስቱ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳህሉ ተነሣ። ዘመዶቹ አሉ፣ ኦቦ ገርባ አሉ፣ ድንኳኑ ሙሉ ነው። በሐዘኔ ጊዜ ያልተለያችሁኝ ጎረቤቶቼ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ጀመረ። ክፉ ቀን አይቶ መታረቅ የጨዋ ነው አለ። ሰይጣን በመሀላችን ገብቶ ነበር፣ እንግዲህ ያለፈው አለፈ፣ ግቢያችን እንደ ድሮው ይሁን አለ። ስለ ሶያማ በር ምንም አላለም። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ በቀጭን ድምፅ «ሰናይት፣ ባልሽም ከመስክ ሲመለስ እርቁን ያፀድቀዋል» አላት።

እናቴ ከአግዳሚው ተነሣች። ከጎኗ ስለነበርኩ የነጠላዋን ጫፍ እንደ ጀሪካኑ ጭምቅ አድርጋ እንደያዘች አየሁ።

«የመጣነው ለእናትህ ነው» አለችው። «ለአንተ አልመጣንም።»

አንተ ስትለው ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና አለ። አንድ ዘመዱ ልቅሶ ላይ ነው ያለነው ብሎ ሊገሥጻት ሞከረ። እሷ ዓይኗን ከሳህሉ ላይ አላነሣችም።

«ልቅሶ ላይ ስለሆንን እውነቱን ልንገርህ። ባል የለኝም። መስክ ላይ ያለ ሾፌር የለም። ያቺ ልጅ ስለ ወለደች በሯን ከቆለፍክባት የእኔንም ቆልፈው። ዕቃዬን ተሸክሞ የሚያወጣልህ ሰው ግን ከሰበታ ታገኝ እንደሆነ ፈልግ።»

እዚህ ላይ ነው ያበድኩት። ልቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀች እናቴ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ባል የለኝም አለች። እንደዚያ የሚባለው ሰው ሲሞት ነው። አባቴ ሞቶ መርዶው እየተነገረኝ ነው ብዬ «አባዬ!» ብዬ ጮኽኩ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ከወደ ኋላ የተቀመጡት የሰንዳፋ ሴቶች ነገሩ የት እንደ ደረሰ አያውቁም፤ የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ ደረታቸውን እየመቱ እንደ አዲስ ጀመሩት። ድንኳኑ በአንዴ ተናጋ። ሳህሉ ሊመልስላት የከፈተው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ቢናገርስ በዚያ ጩኸት ማን ይሰማዋል? እናቴ እኔን ከመሬት አንሥታ ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጣች፤ ግቢው ሁሉ ተከትሏት ወጣ።

አባቴ አልሞተም። ሱሉልታ ውስጥ ሚስትና ልጆች አሉት፤ ስሜን እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም። ያን ቀን ያለቀስኩለት ሰው ግን እሱ አይደለም። ያለቀስኩት በጫማው ውስጥ ላቆምኩት ሰው ነው፤ እሱ በእርግጥ ያን ቀን ሞቷል፣ ደህና አድርገንም አልቅሰንለታል።

ሲመሻሽ ባርናባስ ሊያጽናናኝ መጣ። አባትሽ አልሞተም፣ መጀመሪያም አልነበረም ቢለኝ ምን እንደሚያጽናና እንጃ። እኔም ሌላው ተስፋዬን ጠየቅሁት፤ ቦይኮት መቼ ነው የሚመጣው አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እስኪያነባ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠና መሬት ቁጭ ብሎ በደንብ አስረዳኝ። ቦይኮት የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት አየርላንድ የሚባል አገር የኖረ የአንድ ባለመሬት ወኪል ነው። ካፒቴን ነበር፣ ግን ተከራዮቹን ከቤታቸው ሊያስወጣ ያለው እሱ ነው። ገበሬዎቹ አንነካህም፣ አናናግርህም፣ አናጭድልህም አሉት፤ ሱቅ አልሸጥለት አለ። ደጋፊዎቹ ከሌላ ቦታ አጫጆች አስመጥተው ድንቹን ሲያስቆፍሩ መንግሥት ለጥበቃ የላካቸው ወታደሮች በመቶ ይቆጠሩ ነበር፤ ለጥበቃው የወጣው ከምርቱ በለጠ። ሰውየው ጥሎ ሄደ። ስሙ ግን ቃል ሆኖ ቀረ። አንድ ቄስ ናቸው አሉ ስሙን ቃል ያደረጉት፤ የነበረው የእንግሊዝኛ ቃል ለገበሬ አፍ ይከብዳል ብለው።

«ታዲያ ቦይኮት ጋሽ ሳህሉ ነው?» አልኩ።

«በትክክል» አለኝ።

ከዚያ በላይ የተታለልኩበት ቀን የለም። ክረምቱን ሙሉ በአስፋልቱ በኩል ይመጣል ብዬ የጠበቅኩት ሰው ለካ ከበሩ አጠገብ ይኖር ነበር። አሁንም ይህ የመዝገበ ቃላት ነገር ያንገበግበኛል። ያስወጣው ሰው ስም በዓለም አፍ ሁሉ ይጠራል፤ ማጭዳቸውን አስቀምጠው አናጭድም ያሉት፣ ርሃቡን ችለው አፋቸውን የያዙት፣ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። እኔ ስም ላወጣለት ቢፈቀድልኝ ቃሉን ሰናይት እለው ነበር። ደግሞም ነገሩ ከቃሉ በፊት እኛ ጋ ነበረ፤ እናቴ ከአያቷ ነው የወረሰችው፣ ከባርናባስ አይደለም።

ድንኳኑ ግን እንደቆመ ነበር። በማግስቱ ዘመዶቹ ወደ ሰንዳፋ ተመለሱ። ድንኳን የሚነቅለው የሰፈሩ ወጣት ነው፤ ያን ቀን ማንም አልመጣም። ኦቦ ገርባ ብቻቸውን መጡና እድሩ ለሟች የሚገባውን አድርጓል፣ ሟች በክብር ተቀብራለች፣ ድንኳኑን ደግሞ አንተ ነቅለህ፣ አድርቀህ፣ አጥፈህ አምጣው፤ ሰው በየቀኑ ይሞታል አሉት። ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱ።

ሳህሉ ካፖርቱን አውልቆ ጀመረ። ካስማውን መንቀል ቻለ። እንጨቶቹን አወረደ። ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ጥቂት ፀሐይ ወጥታ ነበርና ሸራውን ግቢው መሀል ዘረጋው። ችግሩ ከዚያ መጣ። ሸራ ለብቻ አይታጠፍም። አንዱን ጫፍ ይዞ ወደ ሌላው ሲራመድ የያዘው ይሸበሸባል፤ እሱን ሊያቃና ሲመለስ ያኛው ይጣመማል፤ ውሃ የጠጣ ሸራ ደግሞ እንደ ሬሳ ይከብዳል። ሴቶቹ በየበራቸው ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፣ ልጅ ያባብላሉ። ባርናባስ መጽሐፍ ይዟል። እኔ ሄጄ ጫፉን ልይዝለት ብድግ ስል እናቴ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

ጥቂት እንደሞከረ ሸራው መሀል ቆመ። ዞሮ እያንዳንዳችንን አየ። እንደዚያ ሲያየን ወደ ቤታችን ውስጥ አልነበረም ዓይኑ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታችንን ነበር። ከዚያ ጭቃ በጭቃ በሆነ እጁ ሲባጎውን ከኪሱ አወጣ፣ አንዲቱን ቁልፍ ፈታ፣ እናቴ ፊት መጥቶ ዘረጋላት።

እናቴ አልተቀበለችውም። «አንተ የቆለፍከውን አንተ ክፈት» አለችው።

ሄደ፣ ከፈተ። ጓጉንቸሩ ዝገት ይዞት ኖሮ አታገለው። በሩ ሲገፋ የሻጋታ ሽታ እስከ እኛ ደረሰ። እናቴ ያን ጊዜ ተነሣች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ግቢው መሀል ሄዳ የሸራውን አንድ ጫፍ ያዘች። ሳህሉም ተመልሶ ሌላውን ጫፍ አነሣ። ወጠሩት፤ አንድ ጊዜ አጠፉት።

ሶያማ ከቤታችን ወጣች። ልጇን ታቅፋ፣ ጃኬቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሁለቱ መሀል በሸራው ዳር አለፈች። ሳህሉ እጁ ላይ ያለውን ረስቶ ያያታል፤ አንድ ቃል፣ ምስጋናም ባይሆን ስድብ፣ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ሶያማ ወደ ክፍሏ ገባች፣ ዞር ሳትል በሩን ዘጋች፣ ከውስጥ ቀረቀረችው።

«ያዝ እንጂ» አለችው እናቴ። «መሬት ነካብን።»